ከነባር ማኅበረሰቦች ጋር የሚደረግ ምክክር፤ ከመተከልና ከቦረና የተገኘ ትምህርት

በድርቅ የተጎዳን ሕዝብ ለማስፈር ቦታ ሲጠና ባለሙያዎች አስቀድመው የሚመለከቱት የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን መጠን፣ የውሃውን ቅርበትና የመንገዱን ሁኔታ ነው። በቦታው ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው ሕዝብ በጥናቱ ውስጥ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በጥቂት መስመር፣ ያውም ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲባል የማኅበራዊ ጉዳይ አማካሪዎችን መቅጠር የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ አማካሪ መቀጠሩ ብቻውን ምክክር ተደርጓል አያሰኝም። አማካሪው መቼ እንደ ተላከ፣ ምን እንዲጠይቅ እንደ ታዘዘና ይዞት የሚመለሰው መልስ ዕቅዱን ሊለውጥ የሚችል መሆን አለመሆኑ መታወቅ ይኖርበታል። ለዚህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ከመተከል የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ የብዙ መቶ ሺህ ሰው ሕይወት በሚቀጥፍበት ወቅት፣ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ለማዛወር አቅዶ ነበር። በዚያ ዓመትና በተከታዩ 1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተዛወረ። ከዚህ ውስጥ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋው የሠፈረው በያኔው የጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ፣ በበለስ ወንዝ ሸለቆ በሚገኘው በፓዌ ነው። ሠፋሪዎቹ ከወሎና ከሌሎች የደጋ አካባቢዎች፣ እንዲሁም ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ነበሩ። ከመካከላቸው ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ሲሆን፣ ቆላው እንደ ገቡም ወባ ብዙ ሰው ጨርሷል። በ1978 ዓ.ም. በኢጣሊያ መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ደኑ በቡልዶዘር ተመነጠረ፤ መንገድና ሆስፒታል ተሠራ፤ መንደሮቹም በቁጥር ተሰየሙ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚያው ቁጥራቸው ነው። ቦታዎቹ ግን ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸው አልነበሩም።

የበለስ ሸለቆ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው። ጉሙዞች ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ የሚያመርቱት ቦታ እየለዋወጡ በመቆፈር ነው። አንዱን ማሳ ለጥቂት ዓመታት ካረሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጦም ያሳድሩታል፤ ዱር ይመለስበታል፤ አፈሩም ኃይሉን ያድሳል። መሬቱ በጎሣ የተያዘ በመሆኑ የየትኛው ጎሣ ወሰን የት እንደሚያበቃ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ይህን ለማያውቅ የደጋ ሰው ወይም በአውሮፕላን ለሚያልፍ ቀያሽ ጦም ያደረ ማሳ ባለቤት የሌለው ጫካ ይመስላል። በሠፈራ ሰነዶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኘው «ሰው ያልሠፈረበት ድንግል መሬት» የሚለው አገላለጽ የመጣው ከዚህ ነው። በመተከል ጉዳይ አባባሉ ከእውነት የራቀ ነበር።

ከእርሻው ይልቅ በጥናት የተዘነጋው የደኑ ጥቅም ነው። ጉሙዞች ከደኑ ማር ይቆርጣሉ፤ የዱር ሥራ ሥርና ፍራፍሬ፣ የቀርከሃም እምቡጥ ይለቅማሉ፤ ያድናሉ፤ ከወንዙም ዓሣ ያጠምዳሉ። ይህ ሁሉ ማሽላው በደኅና ጊዜ ለማባያ ያህል ይቆጠር ይሆናል፤ ማሽላው ሲከሽፍ ግን ዋናው ምግብ እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር ለጉሙዝ ደኑ የክፉ ቀን ጎተራ ነበር። በረሀብ የተጎዳውን የደጋ ሕዝብ ለማዳን የተመነጠረው ደን የሌላው ሕዝብ የረሀብ መከላከያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ወደ ሽማግሌዎቹና በተለይም ወደ ሴቶቹ ቀርቦ «እህል በታጣበት ዓመት ምን ትበላላችሁ? ከየትስ ታመጣላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጉዳዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በታወቀ ነበር። ለጥያቄው ምንም የተለየ ሙያ አያስፈልገውም፤ ሠፈራው ሲወሰን ግን የነባሩ ሕዝብ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አልተዘረጋም።

ውጤቱ በቶሎ ታየ። ጉሙዞች ከመሬታቸው ወደ ዳር ተገፉ፤ በእነርሱና በሠፋሪዎች መካከልም የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሣ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ግጭቱ ተባባሰ፤ ከሠፋሪውም ብዙው ቦታውን ለቆ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ብዙ ሕዝብ ያለቀበትና የተፈናቀለበት ሁከት ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ የመሬት ጥያቄ ከመካከላቸው አንዱ መሆኑ አይካድም። ደሳለኝ ራህማቶና ወልደ ሥላሴ አቡቴ ስለ መተከል ሠፈራ ያወጧቸው ጥናቶች በዚያ አካባቢ ለሚመደብ ማንኛውም ሠራተኛ አስቀድሞ ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ታሪኩም መታወስ አለበት። የጉሙዝ ሕዝብ ለረጅም ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደንና ደገኛው በሚያንቋሽሽ ስም ሲጠራው የኖረ ነው። ስለዚህ ከደጋ የመጣ ሹም ወይም አማካሪ በስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቅርቦ ተሰብሳቢው ዝም ሲል ዝምታውን እንደ ስምምነት መዝግቦ መመለሱ ከባድ ስሕተት ነው። ዝምታው ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሕዝቡ ከጎረቤት ጋር የሚኖርበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ደም ሲፈስ በማንጊማ ይታረቃል፤ ከኦሮሞ ጎረቤቶቹም ጋር ሚቹ በሚባለው የወዳጅነት ሥርዓት ይተሳሰራል። እንግዳ እንዴት እንደሚገባ ቀድሞ ቢጠየቅ ሊያስረዳ የሚችል ሕዝብ ነበር።

ችግሩ ሠፈራ ባለበት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ለድርቅ መከላከያ ተብሎ በሚቆፈር ውሃም ላይ ይደርሳል። በቦረና ዘጠኙ ቱላዎች በመባል የሚታወቁት ጥልቅ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው በአባ ኮንፊ ስም በጎሣ የተያዙ ሲሆኑ፣ የየዕለቱን የማጠጫ ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው። ውሃው የሚቀዳው ሰዎች በእርከን ቆመው ከታች ወደ ላይ ባልዲ እየተቀባበሉ በመሆኑ የውሃው ሥርዓት የሰው ጉልበትም ሥርዓት ነው። በዝናብ ወቅት ከብቱ ከጉድጓዶቹ ርቆ የዝናብ ውሃ ባለበት ሣር ይግጣል፤ በደረቁ ወቅት ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በልማት ፕሮጀክቶች በዝናብ ወቅቱ የግጦሽ ክልል ውስጥ ኩሬዎች ሲቆፈሩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው መቆየት ተቻለ፤ ሣሩ ዕረፍት አጣ፤ መሬቱም ተጎዳ። ውሃው መልካም ውሃ ነበር፤ የተቆፈረበት ቦታ ግን የግጦሹን ፈረቃ አፈረሰው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማተት አያስፈልግም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ቁጥር 169 ስምምነት ነባር ሕዝቦች እንዲዛወሩ የሚደረገው በልዩ ሁኔታ፣ አውቀውና ወደው ሲስማሙ እንዲሆን ያዛል፤ ኢትዮጵያ ግን ይህን ስምምነት አላፀደቀችም። ማን «ነባር» ይባል የሚለው ክርክር በአፍሪካ ስላልተቋጨ የዓለም ባንክ «በታሪክ በቂ አገልግሎት ያላገኙ ባህላዊ የአካባቢ ማኅበረሰቦች» የሚል ረጅም ስያሜ ይጠቀማል። ለመስክ ሠራተኛው የስያሜው ክርክር ብዙም አይጠቅመውም፤ ሽማግሌው የሚያውቀው ወሰኑን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የአማካሪ ሥራ ቢጋር ሲዘጋጅ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጊዜው ጉዳይ ነው። አማካሪው መላክ ያለበት ቦታው ከመመረጡ በፊት ነው። ቡልዶዘሩ መንገድ ላይ እያለ የሚደረግ ምክክር ማስታወቂያ ከመሆን አያልፍም። ቢጋሩም «አይሆንም» የሚል መልስ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ ለዚህ መልስ ቦታ የሌለው ቢጋር መፈረም የለበትም። አማካሪው ሕዝቡን ማሳመኑ እየተቆጠረ የሚከፈለው ከሆነም ሪፖርቱ ምን እንደሚል ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አማርኛ የሚያውቀው የአካባቢው ነጋዴ ወይም የቀበሌ ሹም ነው፤ እርሱ ግን ከመሬቱ መሰጠት ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሁለት አስተርጓሚ፣ አንዷ ሴት ሆና፣ መመደብ ይገባል። የጉሙዝ ሴቶች በእርሻውም በለቀማውም ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙ ስለሆነ የደኑን ምግብ ጠንቅቀው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት አደባባይ ግን ላይናገሩ ይችላሉ። ጉብኝቱም ለተሽከርካሪ አመቺ በሆነው በበጋ ብቻ መደረግ የለበትም፤ በአረም ወቅትና ጎተራ በሚጎድልበት ጊዜ ጭምር መመላለስ ያስፈልጋል።

የመሬቱ ካርታ የሚሠራው ከሽማግሌዎችና ከሴቶች ጋር በእግር በመዞር ነው። ጦም ያደሩ ማሳዎች፣ ቀፎ የሚሰቀልባቸው ዛፎች፣ የመቃብርና የጸሎት ቦታዎች፣ የዓሣ ማጥመጃ ዳርቻዎች ሁሉ ሕዝቡ በሚጠራቸው ስም ይጻፋሉ። ለሌላ ሰው እንዲገለጥ የማይፈለግ ቦታ ካለ በካርታው ላይ ሳይገባ ይታለፋል። ሥራው ሲያበቃ አማካሪው ተመልሶ የጻፈውን ለተናጋሪዎቹ በቋንቋቸው ያነብላቸዋል፤ የሚያርሙት ካለ ይታረማል። ካርታው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ለኮሚሽኑ ይላካል፤ ሌላው በሽማግሌዎቹ እጅ ይቀመጣል።