ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሦስት ምስክሮች

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን በዜና አጻጻፍ ክፍል ሳይሆን በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ውድ አንባቢያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከኬሚስትሪ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ከኬሚስትሪ ጋር ለዘለዓለም የተለያየን መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የጻፍኩት አንድ ስህተት መልሶ አገናኘን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ስህተት ታሪክና ከስህተቱ የተማርኩት ትምህርት ነው።

የጽሑፌ መነሻ

ያደግኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። የእኛ አካባቢ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል። የእኔም ጥርስ በልዟል፤ ፍሬሽ ሆኜ ግቢ የገባሁ ጊዜ ፎቶ ስንነሳ አፌን ገጥሜ ነበር የምቆመው። ምክንያቱ በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። ሲበዛ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃናት ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የታየው የአጥንት ፍሎሮሲስ በአገራችን ከታወቁት ምሳሌዎች ዋነኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

በአንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር የፊቸር ጽሑፍ አሳይመንት ሲሰጠን ይህንኑ ርዕስ መረጥኩ። መምህራችን «ቢያንስ ሁለት ምንጭ» ብለውን ስለነበር እኔ ሦስት ይዤ መጣሁ፤ አንድ የውኃ አገልግሎት ሠራተኛ፣ አንድ የሳይንስ አስተማሪና አንዲት ነርስ። ሦስቱም በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቦታ፣ አንድ ቁጥር ነገሩኝ፦ «በሊትር 7 ሚሊ ግራም»። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ጻፍኩት። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ምክር ከራሴ ጨመርኩ፤ «ስለሆነም የአካባቢው ኅብረተሰብ ውኃውን በሚገባ አፍልቶ ሊጠጣ ይገባል»። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለ ውኃ ስንማር «አፍልቶ መጠጣት» ስንባል ስለኖርን ሳላስበው ከእጄ የወጣ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ውጤት አገኘ፤ በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ተለጠፈ። ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እናቴ በኩራት አዳመጠችኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመቷ እህቴ ውኃ ማፍላት ጀመረች።

«በምን ተለካ?»

ዘንድሮ የዶርሜ ልጅ የሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪ ናት። አንድ ማታ ጽሑፌን አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ደስ የሚል ነገር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«7 ያልሽው በምን ተለካ? ደግሞ አፍልታችሁ ጠጡ ያልሽው ለምንድን ነው?»

የመጀመሪያውን አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ራሷ አስረዳችኝ። ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነገር፣ ማለትም ባክቴሪያን ነው። ፍሎራይድ ግን በውኃው ውስጥ የሟሟ አዮን ነው፤ አይሞትም፣ አይተንምም። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው። ድስቱ ክፍት ሆኖ ከውኃው አንድ ሦስተኛው ቢተን ፍሎራይዱ በቀሪው ሁለት ሦስተኛ ውስጥ ይሰበሰባል፤ መጠኑም በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል። እናቴ ለትንሿ እህቴ ይሻላል ብላ የምታደርገው፣ እኔን አምና የምታደርገው ነገር ፍሎራይዱን የሚያበዛ ነበር። በዚያው ሌሊት ደወልኩላት። «እማዬ፣ ለፍሎራይዱ ብለሽ አታፍይው፤ ተሳስቼ ነው» ስላት ለአፍታ ዝም አለችና «ታዲያ ምን ላጠጣት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዶርሜ ልጅ በዚያ ሴሚስተር ለኢንስትሩመንታል አናሊሲስ ኮርስ የምትሠራው ፕሮጀክት ነበራት። «ውኃውን አስመጪና እንለካው» አለች። የአጎቴ ልጅ በሁለት ሃይላንድ ውኃ ይዞልኝ መጣ። አንዱ ከሰፈራችን ቦኖ፣ ሁለተኛው ከአስፋልቱ ማዶ በሌላ ጉድጓድ ከሚሠራው ቦኖ የተቀዳ ነው።

አራቱ ኬሚስትሪዎች በአንድ ዘንግ ላይ

እኛ ከውጭ ስናየው «ኬሚስትሪ» አንድ ትምህርት ይመስለናል። ከፍ ባለው ደረጃ ግን አናሊቲካል፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ኦርጋኒክና ፊዚካል ተብሎ ይከፈላል። ተማሪዎቹም አንዱን ይወዱና ሌላውን ይፈራሉ፤ የዶርሜ ልጅ ፊዚካልን «የሒሳብ ጅብ» ትለዋለች። እኔን የገረመኝ አራቱም ፍሎራይድ በሚለካው በአንድ ቀጭን ኤሌክትሮድ ላይ መገናኘታቸው ነው።

ይህ ኤሌክትሮድ በ1966 እ.ኤ.አ. ፍራንትና ሮስ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይፋ ያደረጉት ነው። ጫፉ ላይ ላንታነም ፍሎራይድ የተባለ ክሪስታል አለ፤ በውስጡ ፍሎራይድ ብቻ መንቀሳቀስ ይችላል። ይህ የኢንኦርጋኒክ ድርሻ ነው። በክሪስታሉ ሁለት ገጽ ያለው የፍሎራይድ መጠን ሲለያይ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቮልቴጁ ከመጠኑ ጋር ያለው ግንኙነት በኔርንስት ቀመር ይሰላል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ አሥር እጥፍ ሲሆን ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። ይህ ፊዚካሉ ነው። መጠኑ እጥፍ ሲሆን ግን ለውጡ 18 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ግድየለሽነት ትልቅ ስህተት ያመጣል።

ከናሙናው ጋር ደግሞ ቲሳብ የሚባል ፈሳሽ ይቀላቀላል። ሥራው የአሲድነቱን ልክ ከ5 እስከ 5.5 ባለው መካከል መጠበቅ ነው። ከዚያ በጣም ሲወርድ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ተያይዞ ይደበቃል፤ ሲወጣ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮዱን ያሳስተዋል። በውስጡ ያለው እንደ ሲትሬት ያለ ኦርጋኒክ ውህድ አሉሚኒየምንና ብረትን ይዞ ፍሎራይዱን ነፃ ያወጣል። ይህን ሁሉ አቀናጅቶ «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አናሊቲካል ነው።

ውኃችን ለምን እንዲህ እንደሆነም በዚያው ተማርኩ። ካልሲየም ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ በቀላሉ የማይሟሟ ውህድ ነው። ስለዚህ ካልሲየም የበዛበት ውኃ ፍሎራይዱን ያዘቅጠዋል። የስምጥ ሸለቆ ዐለት ግን የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ከእሱ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱ የሚያዘቅጠው አጥቶ ሟሙቶ ይቀራል።

ያስደሰተን ቁጥር

ኤሌክትሮዱ በቀጥታ የሚሰጠው ሚሊቮልት ነው። ወደ ሚሊ ግራም የሚለወጠው መጠናቸው ከሚታወቁ ብጥብጦች፣ እነሱ «ስታንዳርድ» ከሚሏቸው ጋር በማወዳደር ነው። የዶርሜ ልጅ 1 ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ መዝና በአንድ ሊትር ውኃ አሟሟች፤ በላዩም «1000 ሚሊ ግራም በሊትር» ብላ ጻፈችበት። ከእሱ እየቀነሰች ስታንዳርዶቿን አዘጋጀች፤ ስታስቀምጣቸው ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ። የሰፈራችንን ውኃ ሦስት ጊዜ ለካች፦ 7.0፣ 7.1፣ 7.2።

በላብራቶሪው ውስጥ እልል ማለት ቀረኝ። «አላልኩሽም? 7 ነው!» አልኳት። የማዶው ቦኖ 3.1 ሆነ። ከዚያም በናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ያለው ፍሎራይድ ከዚያው ብጥብጥ ጨምራ ስትለካ የጨመረችውን መልሳ አገኘችው። ሁሉም ነገር ተስማማ። ለእናቴ «ሁለቱም ቦኖ አይሆንም» ልላት ስልኬን አወጣሁ።

የላብ መምህሯ ግን ሪፖርቱን ከመቀበላቸው በፊት ከሌላ ዕቃ፣ በሌላ ሰው የተዘጋጀ ልኩ 1.0 የሆነ ብጥብጥ አምጥተው «ይቺን ለኪልኝ» አሏት። ለካች። 2.2 አለ። ደግማ ለካች። 2.2።

የዶርሜ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወረቀት ላይ ማስላት ጀመረች። ሶዲየም 23፣ ፍሎሪን 19፣ በድምሩ 42። ከ1 ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ ውስጥ ፍሎራይዱ 0.452 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው ሶዲየም ነው። 1000 ያለችው 452 ነበር። ለ1000 ልትመዝን የሚገባት 2.21 ግራም ነው። ስለዚህ የለካችው ሁሉ በ2.2 እጥፍ ተጋንኗል።

አሁን ልብ በሉ። ሦስት ጊዜ መለካቷ ስህተቱን አላጋለጠም፤ ሦስቱም የተነበቡት በዚያው በተሳሳተ ስታንዳርድ ነው። ቀጥ ያለው መስመር አላጋለጠም፤ ሁሉም ስታንዳርዶች በእኩል እጥፍ ስለተሳሳቱ መስመሩ አይጎብጥም። የጨመረችውን መልሳ ማግኘቷም አላጋለጠም፤ የጨመረችው ከዚያው ብጥብጥ ስለሆነ ስህተት ስህተትን አረጋገጠ። ያጋለጠው ከሌላ ዕቃ የመጣ አንድ ምስክር ብቻ ነው። የእኔ «7» ደግሞ በአጋጣሚ መስማማቱ ሁለታችንንም ይበልጥ አዘናጋን። የምንጠብቀውን ቁጥር ስናገኝ መጠርጠር አቆምን።

ስታንዳርዱን እንደገና አዘጋጅታ ለካች። የሰፈራችን ቦኖ 3.2፣ የማዶው 1.4 ሆነ።

የእኔ ሦስት ምስክሮች

ያን ቀን ዶርም ገብቼ የአምና ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። ለሦስቱም ምንጮቼ ደወልኩና አምና ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ፤ «7 ያሉኝን ከየት ነው ያገኙት?» አስተማሪው «ከውኃ አገልግሎቱ ሰምቼ ነው» አሉኝ። ነርሷ «ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼው ነው» አለችኝ። ሠራተኛው ጋሼም «አዎ፣ የተለጠፈው ነው፤ የድሮው ጉድጓድ ውጤት ነው፤ እሱ እንኳ ከተዘጋ ቆይቷል» አሉኝ።

ሦስት ምንጭ አልነበረኝም። አንድ ወረቀት ነበረኝ፤ እሱም አሁን ስለምንጠጣው ውኃ አይናገርም። ማንም አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ከአንድ ምንጭ ሦስት ጊዜ ቀድቼ ሦስት ምንጭ ነው ያልኩት።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ከዚህ ተነስቼ አሁን ቁጥር የያዘ ዘገባ ከመጻፌ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ፤ ለክፍል ጓደኞቼም ይጠቅሙ ይሆናል።

አንደኛ፣ «የምን መጠን፣ በምን መለኪያ?» የሶዲየም ፍሎራይድ ግራምና የፍሎራይድ ግራም አንድ አይደሉም። «7» ብቻውን ቁጥር እንጂ መረጃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «መቼ፣ ከየት ተወሰደ?» የተዘጋ ጉድጓድ ውጤት የዛሬ ዜና አይሆንም።

ሦስተኛ፣ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የጥርስ ሳሙና በአንድ ኪሎ ከ1000 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል፤ አፍ ተጉመጥምጦ ይተፋል እንጂ አይጠጣም። «ፍሎራይድ አለው» ማለት ብቻውን አያስፈራም፣ አያጽናናምም።

አራተኛና ዋናው፣ «እርስዎስ ከየት ሰሙት?» ምንጮቻችን ስንት ናቸው ሳይሆን ዕቃቸው ስንት ነው ብለን እንቁጠር።

አምስተኛ፣ ምክር ስንጽፍ ከማን እንደሰማነው ራሳችንን እንጠይቅ። ፍሎራይድን ከውኃ መቀነሻ መንገዶች አሉ። የአጥንት ከሰል ወይም አክቲቬትድ አሉሚና በተሞላ ማጣሪያ ማሳለፍ፣ ወይም በሕንድ አገር ናልጎንዳ በሚባል ቦታ ስም የሚጠራው፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ ይጠቀሳሉ። ማፍላት ግን ከመካከላቸው የለም።

ማረሚያ

የተሳሳተውን ቁጥር ይዘን ቢሆን ኖሮ ለእናቴ ሁለቱም ቦኖ አይሆንም እላት ነበር። ትክክለኛው ቁጥር ግን የማዶው ከ1.5 በታች መሆኑን አሳየን። አሁን ለእህቴ መጠጥና ለምግብ የሚሆነው ውኃ በጀሪካን ከማዶ ይመጣል፤ የሰፈራችን ውኃ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ሆኗል። ከእያንዳንዱ ቦኖ የለካነው አንድ ናሙና ብቻ ስለሆነ ከክረምት በኋላ ደግመን እንለካለን፤ በዚህ ጊዜ ስታንዳርዱን ሁለት ሰው ለየብቻ ያዘጋጃል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት «ስህተትሽን ያነበበው ሰው ይኼንንስ ያነበዋል?» አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ አምና በሰሌዳው ላይ ያነበባችሁልኝ ሁሉ፣ በሊትር 7 ያልኩት ከተዘጋ ጉድጓድ የተወሰደ ቁጥር ነበር፤ አሁን በሰፈራችን ቦኖ የለካነው 3.2 ነው። አፍልታችሁ ጠጡ ያልኩትም ለፍሎራይድ መፍትሔ አይደለም። በሁለቱም ይቅርታ እጠይቃለሁ።