የቅርጫ ሥጋና ዝግ ያለ እሳት፦ ጠንካራ የበሬ ሥጋን በሚዛን አማን ቤቶች ስለ ማለስለስ

በቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ በሚዛን አማን፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ክፍል፣ የበሬ ሥጋ በብዛት ወደ ቤት የሚገባው በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ ነው፤ ከሚገባባቸውም መንገዶች አንዱ ቅርጫ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ከታረደ በኋላ እያንዳንዱ ብልት ተቆራርጦ በየመደቡ ይከፋፈላል፤ በመጨረሻም መደቦቹ በዕጣ ይለያሉ። የክፍፍሉ ፍትሐዊነት የሚጠበቀው ጭቅናውን ለብቻው የሚወስድ፣ ወርቹም ብቻ የሚደርሰው ሰው ባለመኖሩ ነው። ለእኩልነት የተበጀው ይህ ሥርዓት ግን ማድ ቤት ሲደርስ አንድ ችግር ያስከትላል፤ በደቂቃዎች የሚበስለው ሥጋና ከ4 ሰዓት በታች የማይለሰልሰው ሥጋ ተቀላቅለው ወደ አንድ ድስት ይገባሉ። ጭቅናው ደርቆ ይቀራል፤ ወርቹ ደግሞ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ጥርሳቸው የደከመ አረጋውያን ከዓመት በዓሉ ሥጋ መረቁን ብቻ የሚጠጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ችግሩ ከከብቱም ከእሳቱ ማነስም ይልቅ ሥጋውን ካለመለየትና እሳቱን ካለመቀነስ የሚመነጭ መሆኑ ነው። ሥጋው አልበስል ሲል እንጨት መጨመርና ውሃ መከለስ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ይህ መፍትሔ ከነገሩ ባሕርይ ጋር ይቃረናል።

ጥንካሬው ከምን እንደሚመጣ

የሥጋ ጥንካሬ ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው የጡንቻው ክር ነው፤ ሁለተኛው ክሮቹን አቅፎ የያዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ከብቱ የሚራመድባቸውና የሚሸከምባቸው ብልቶች፣ ማለትም ወርች፣ ፍሪምባና ቅልጥም፣ ኮላጅናቸው ብዙ ነው፤ እምብዛም የማይሠራው ጭቅና ግን ጥቂት ብቻ አለው። ከብቱ ባረጀ ቁጥር የኮላጅኑ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይበልጥ ይተሳሰራሉ። ስለዚህ ለዓመታት ሲያርስ የኖረ በሬ ወይም ወተቷ የነጠፈ ላም ሥጋ ከወይፈን ሥጋ የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል። (በነገራችን ላይ የአካባቢው መለያ የሆነውና በጼጼ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲ በሽታ በመቋቋም የሚታወቀው የሸኮ ከብት ሻኛው እጅግ ትንሽ ነው ወይም ጭራሹን የለውም፤ ስለዚህ በደጋው ለጥሬ ሥጋ የሚመረጠው ሻኛ ከእርሱ ብዙ አይጠበቅም። ዝርያው ከሻኛማ ከብቶች ጋር በመዳቀሉ ቁጥሩ እየተመናመነ መሄዱም ራሱን የቻለ አሳሳቢ ጉዳይ ነው።)

ሙቀት በእነዚህ ሁለት ምንጮች ላይ የሚያሳድረው ውጤት ተቃራኒ ነው። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ የጡንቻው ፕሮቲኖች እየተኮማተሩ ውሃቸውን ይለቃሉ፤ በ65 ዲግሪ አካባቢ ኮላጅኑም ተሸማቆ ሥጋውን እንደ ጨርቅ ይጨምቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሙቀቱ ሳይቋረጥ ከቆየ፣ ያው ኮላጅን ቀስ በቀስ እየሟሟ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ጄላቲኑም ክሮቹን ያላቅቃል፣ መረቁንም ያወፍራል። በመኮማተሩና በመሟሟቱ መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። አብሳዩ ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ሥጋውን በሹካ ሲሞክር ከመጀመሪያው የባሰ ጠንክሮ ያገኘዋል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውና እሳት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ተጨማሪ 2 ወይም 3 ሰዓት ብቻ ነበር።

እሳት መጨመር ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። የሚዛን ተፈሪ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል በመሆኑ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ባለችው ቴፒ በጥቂቱ ይጨምራል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። አንዴ ከፈላ ውሃ በታች የሚጨመር እንጨት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ከመለወጥ በቀር ፋይዳ የለውም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 95 ዲግሪ ለማድረስ 0.31 ሜጋጁል ያህል ይበቃል፤ ያንኑ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ግን ወደ 2.26 ሜጋጁል ያስፈልጋል፣ ይህም ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ማገዶው ከቡና ጥላ ዛፎችና ከጫካ በሚለቀምበት አገር ይህ ልዩነት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ከፍታ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፉ የማብሰያ መመሪያዎች ለፍላት የሚሰጡት ሰዓት በሚዛን አማን አይበቃም፤ ይህ እውነት ነው። ዝግ ያለው አበሳሰል ግን የሚከናወነው ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ከፍላት በታች ስለሆነ፣ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ብቻ አረፋ የሚያወጣ ድስት እዚህ ከባሕር ዳር ይልቅ የለዘበ ሙቀት ስላለው አብሳዩ ሥጋውን የማቃጠል ወይም የማድረቅ ዕድሉ ያነሰ ነው።

ከዕጣው እስከ ድስቱ

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። መደቡ ቤት እንደደረሰ ጭቅናውና ሌላው ለስላሳ ሥጋ ለጥብስ ወይም ለክትፎ ይቀመጣል፤ ወርቹ፣ ፍሪምባውና ቅልጥሙ ለብቻ ይሰበሰባሉ። የቅርጫው አባላት አስቀድመው ቢስማሙ ጠንካራዎቹ ብልቶች ከኪሎ ባላነሰ ቁራጭ ቢከፈሉ ይመረጣል፤ ሚዛኑ እስከተስተካከለ ድረስ ፍትሑ አይጓደልም፣ ትልቅ ቁራጭ ደግሞ ከጉርሻ ከሚያህል ቁራጭ ይልቅ ውሃውን ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ታርዶ 3 ሰዓት ላይ የተከፋፈለ ሥጋ ገና ትኩስ ነው። ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገተራል፤ የተገተረ ሥጋ ሲበስል ከሁሉ የከፋው ነው። ግትርነቱ በቀናት ውስጥ በራሱ በሥጋው ኢንዛይሞች እየላላ ይሄዳል፤ ሥጋን በቀዝቃዛ ክፍል ከ7 እስከ 14 ቀን የማቆየት የውጭ አገር ልማድም ከዚህ የመነጨ ነው። በሌላ በኩል ትኩሱን ሥጋ ወዲያውኑ ወደ በረዶ ቤት መክተት የራሱ ጉዳት አለው። ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር እንዳሳዩት፣ ገና ሳይገተር በብርቱ ቅዝቃዜ የተያዘ የበሬ ጡንቻ ይኮማተርና ሲበስል ይጠነክራል። ማቀዝቀዣ ላለው ቤት የሚበጀው ለስላሳውን በዕለቱ መብላት፣ ጠንካራውን በትልቅ ቁራጩ በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ አሳድሮ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ማብሰል ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን ማሳደር የለበትም፤ ያኑ ዕለት ጥዶ ሰዓቱን ያርዝም።

ለ1.5 ኪሎ ወርች 20 ግራም ያህል ጨው ይበቃል። ሥጋው በጨርቅ ደርቆ በጋለ ብረት ድስት በዘይት ዙሪያውን እስኪቀላ ይጠበሳል። ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም፤ የጥብስ መዓዛ የሚፈጠረው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለሆነ ውሃ ባለበት ድስት ፈጽሞ አይገኝም። ከዚያ 4 ወይም 5 ቀይ ሽንኩርት በዚያው ድስት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፤ ሥጋው ይመለሳል፤ 2 ብርጭቆ ውሃ ብቻ ይጨመራል፤ ሥጋው ራሱ ብዙ መረቅ ስለሚለቅ መዋኘት አያስፈልገውም። ክዳኑ ካልገጠመ ዙሪያው በሊጥ ይታሸጋል። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰሉ ተቀንሶ በአመድ ይዳፈናል። እሳት መዳፈንን ለሚያውቅ ቤት ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ረመጥ ላይ ያደረ የቅልጥም መረቅ መርሁ ያው ነው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሹካ ተሰክቶ ሲጠመዘዝ ክሮቹ ካለ ትግል መላቀቅ አለባቸው። ሰዓቱ ግምት ነው፤ ፍርዱ የሹካው ነው።

በድንችና በካሮት ምትክ የአካባቢው ጎደሬ ለዚህ ድስት እጅግ ይስማማል፤ ገለባው ተልጦ በትልቁ ተቆርጦ በመጨረሻው አንድ ሰዓት ተኩል ይገባል። ጎደሬ በሚገባ ካልበሰለ በውስጡ ያለው የካልሲየም ኦክሳሌት ጉሮሮ ያሳክካል፤ ስለዚህ ከሥጋው ቀድሞ ከድስቱ መውጣት የለበትም። ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚገኙት ኮረሪማና ጥምዝ ግን ሊወጣ ሲል ብቻ ይነሰነሳሉ፤ ለሰዓታት ከፈሉ መዓዛቸው ይተናል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ድስት

ስሎው ኩከር የሚባለው የኤሌክትሪክ ድስት ያንኑ የተዳፈነ እሳት በሸክላ ማሰሮና በሽቦ የሚተካ መሣሪያ ነው። የፈጠራው ባለቤት አሜሪካዊው ኧርቪንግ ናክሰን በ1940 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሲሆን፣ መነሻው የሊቱዌኒያ አይሁድ ለሰንበት በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ የሚያሳድሩት የሥጋና የባቄላ ወጥ ነበር፤ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው በ1971 ነው። ከ200 እስከ 300 ዋት የሚወስድ ድስት ለ8 ሰዓት ቢሠራ ከ1.6 እስከ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል፤ ከፍላት ጋር ሲነጻጸር ቁጠባው ግልጽ ነው። ግፊት የሚፈጥረው ድስት ደግሞ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ሥራውን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ጊዜ ለጠበበው ቤት ተገቢ ምርጫ ነው፣ ሥጋው ግን በቀላሉ ይደርቃል።

የኤሌክትሪኩ ድስት ድክመት መብራት ሲጠፋ ይታያል። የምግብ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ለሰዓታት ከቆየ ባክቴሪያ ይራባል። ድስቱን ጥዶ ወደ ሥራ የሄደ ሰው መብራቱ ስንት ሰዓት እንደጠፋ አያውቅም፤ ሲመለስ የሚያገኘው የሞቀ ድስት ማረጋገጫ አይሆነውም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር መሣሪያው ሰው ቤት በሚውልበት ቀን ብቻ መጣድ አለበት፤ ከሰል ምድጃም ተዘጋጅቶ ይቆይ። ቀይ ቦሎቄ መጨመር የሚፈልግም በተለየ ድስት ለ10 ደቂቃ በኃይል ያፍላው፤ ውስጡ ያለው መርዛማ ፕሮቲን በዝግ ሙቀት አይጠፋም።

የተረፈው ሥጋም በትልቁ ድስት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አይተው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር ከፍላቱ ተርፎ በሚበርደው መረቅ ውስጥ ይነቃል፤ በሰፊና ጎድጓዳ ባልሆነ ሳህን ተዘርግቶ ቶሎ ከቀዘቀዘ፣ በማግስቱም እስኪፈላ ከሞቀ፣ ከቆጮ ጋር ለሁለተኛ ቀን ይደርሳል። መረቁም ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ከረጋ ኮላጅኑ መሟሟቱን በዓይን ያሳያል።