ምዕራፍ ስድስት፦ ልጅዎ የሚጨርሰው መጽሐፍ

ኮዬ ፈጬ የምንኖር ሰዎች ደረጃን በደንብ እናውቃለን። ውኃ የጠፋ ዕለት ጄሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን፤ ትንፋሽ ሲያጥረን መሐል ላይ ቆም ብለን ከጎረቤት ጋር እናወጋለን። አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ቆመን ሳለ ጎረቤቴ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አስተማሪ ነበሩ፤ ይኼ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ መጽሐፍ አላነብም አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ልጁ ከኋላዋ ትንሿን ጄሪካን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ምን እንደሰጠችው ጠየቅኋት።

«ፍቅር እስከ መቃብርን ነዋ! ከዚያ በላይ ምን መጽሐፍ አለ?»

ቤታቸው ገብቼ መጽሐፉን አየሁት። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል። ልጁ ያቆመበትን ቦታ በጥግ በኩል አጥፎታል፤ ገጽ 17 ነው። እጥፋቷ ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ አልተነሣችም። እናቲቱን አልወቀስኳትም፤ እኔም የመጀመሪያ ልጄን ያስኮረፍኩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም፤ የልጁም አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ፊት የሚሰለፍ ሥራ ነው። ነገር ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ የባላባቱን፣ የገበሬውንና የካህኑን ዓለም በእርጋታ እየገለጠ ይሄዳል። ገና ትናንት ከተረት የወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ዝላይ እዚያ አይደርስም።

ለትንንሾቹ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ያወሩልን ዓይነት ተረት አለ። ለዐዋቂውም ልብ ወለድ ሞልቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «መካከለኛ ደረጃ» ለሚለው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ልጅ ከንባብ የሚቀረው እዚህ መሐል ላይ ነው። ድልድዩን ባሉን መጻሕፍት መሥራት የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ምክር አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚጨርሰውን መጽሐፍ ይስጡት፤ ትልቁ በጊዜው ይመጣል።

የአምስት ጣት መለኪያ

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት መሐሉን ገልጠው ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣቱን ይጠፍ። አምስቱም ከታጠፉ ያ መጽሐፍ ለጊዜው ይቆይ። ሁለት ወይም ሦስት ከታጠፉ ልኩ ነው፤ አዲስ ቃል ይማርበታል፣ ታሪኩም አይጠፋበትም። ከዚያ «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው መጽሐፉ ይዞታል ማለት ነው።

የትኛው ልጅ፣ የትኛው መጽሐፍ?

ቶሎ የሚሰለች ልጅ። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ይስጡት። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዱ በአንድ ማታ ያልቃል፣ ልጁም «ጨረስኩ» የማለትን ደስታ ያገኛል። ሞልቶ የሚወርድን ወንዝ እንዲቆምለት በዘፈን የሚለምነውን አዝማሪ የጻፉልንም ከበደ ሚካኤል ናቸው። ወንዙ አይሰማም። ማታ ማታ «አንብብ! አንብብ!» እያልን የምንጮኽ ወላጆችም ያንን ታሪክ ከልጆቻችን ጋር ብናነበው እንጠቀማለን።

ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዳቸው የአንባቢን ጥያቄ ሁሉ ሳይንቁ ይመልሱ ነበር። «አስደናቂ ታሪኮች» የተሰኙት መጻሕፍታቸው ከየትኛውም ገጽ ሊጀመሩ ይችላሉ። ልጁ እነዚህን ከለመደ በኋላ «አጤ ምኒልክ»ን ይሞክር፤ እዚያ ንጉሡ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ራሳቸውን ያገኛል።

ጦርነትና ታሪክ የሚወድ ልጅ። የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ለዚህ ዕድሜ የተሰጠ ስጦታ ነው። በ1888 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ዐድዋ ዘመቱ፤ ከድሉ በኋላ ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተማሩ፤ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ሙሉውን አይጠይቁት። የልጅነቱን ክፍል ብቻ ያንብብ። ከዚያ ልጃቸው ግርማቸው ተክለሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አርአያ» ያስከትሉለት፤ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት አገሩ ላይ ምን እንደገጠመው ይተርካል።

ምስጢርና ጀብዱ የሚወድ ልጅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣና ገዳማትንና የዘመኑን ሳይንስ አገናኝቶ ብዙ ወጣት እንቅልፍ አሳጥቷል። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ደግሞ አንባቢውን ወደ መንዝ ተራሮች ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም ለስምንተኛ ክፍል የሚስማሙ ይመስለኛል፤ ሆኖም እርስዎ ቀድመው ያንብቧቸውና ለልጅዎ መድረሳቸውን ይፍረዱ።

ጀግናዋ ሴት የሆነችበት ታሪክ የምትፈልግ ልጅ ካለችዎ «ጦቢያ»ን ያስቡ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ቋንቋው የጥንት በመሆኑ አብረው ቢያነቡት ይሻላል።

በሁለት ቋንቋ የሚጫወት ልጅ። እዚህ ኮዬ ፈጬ ልጆቻችን ኳስ ሲራገጡ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በአፋን ኦሮሞ ይጨርሱታል። ይህ ሀብት ነው። ወደ ዐረብ አገር በባርነት ስትወሰድ ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌዎች ከትዝታዋ ጻፈች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆነውም በ1894 እ.ኤ.አ. የንባብ መጽሐፍ አደረጓቸው። ልጅዎም እንደ አስቴር ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ አያቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ የነገሩትን ተረት በነገሩት ቋንቋ ይጻፍ። ተረት የጻፈ ልጅ የሌላውን ጽሑፍ ለማንበብ ይጓጓል።

በጆሮ ይጀምር

ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቋቸው። ለልጅዎም መንገዱ ይኸው ነው። መብራት የጠፋ ማታ በስልክዎ ባትሪ አሥር ገጽ ያንብቡለት፤ ታሪኩ ልብ ሲሰቅል ያቁሙና መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ይተኙ። ቀሪውን እሱ ይፈልገዋል።

የመጽሐፍ ዕቁብ

«መጽሐፍ ተወደደ» የሚለው የብዙዎቻችን እውነተኛ ችግር ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያስነብባል፤ ዕረፍት ላይ አንድ ቀን ይውሰዷቸው። ግን ከኮዬ ፈጬ ሩቅ ነው፣ የታክሲው ሰልፍና ሒሳቡም በየሳምንቱ አይቻልም።

እኛ በብሎካችን ያደረግነው ይህን ነው። አሥር ቤተሰብ ተሰባሰብንና እያንዳንዱ አንድ የተለያየ መጽሐፍ ገዛ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ኮሙናል ውስጥ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ስላነበበው ሁለት ደቂቃ ይናገርና መጽሐፉን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። በሃያ ሳምንት አንድ ልጅ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አሥር መጽሐፍ ያነብባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዳኛውን ከልጆቹ መካከል ይምረጡ፤ መጽሐፍ የጠፋበት ቤተሰብ ይተካል።

ዘግይቷል ብለው አይዘኑ

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። እኚሁ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ በአህያ በሚጎተት ጋሪም ለልጆች መጽሐፍ አደረሱ። የእርስዎ ልጅ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ በዕቁቡ መጀመሪያ የደረሰው «ታሪክና ምሳሌ» ነበር፤ በአምስት ቀን ጨረሰው። አራተኛው ዕጣው የፊታውራሪው መጽሐፍ ሆነ። አንድ ማታ በሬን አንኳኳ፤ ጣቱን በገጾቹ መካከል እንደ ምልክት ይዟል።

«ጋሼ፣ ዐድዋ ሲዘምቱ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ያንተን ያህል ነበሩ።»

ዝም ብሎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ በኮሪደሩ መብራት ሥር ተቀምጦ ጣቱን ካስገባበት ቀጠለ። ፍቅር እስከ መቃብር ዛሬም መደርደሪያቸው ላይ ነው፤ ገጽ 17 እንደታጠፈ። እናቱን እንዳታነሣው ነግሬያታለሁ።