ካርዱን ገልብጡት፦ ለሆኪ ካርድ ጀማሪ ሰብሳቢዎች

የሆኪ ካርድ ልትገዙ ከሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ልማድ ያዙ፤ ካርዱን ገልብጡት። ከፊት ያለው ፎቶ ዓይን ይስባል፤ የካርዱን ማንነት የሚናገረው ግን ጀርባው ነው። የትኛው ኩባንያ እንዳተመው፣ የትኛው የውድድር ዘመን እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን ዝርዝር ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው። ጥልፍ የምትገዛ እናት ቀሚሱን ገልብጣ የክሩን አያያዝ ሳታይ ገንዘብ አታወጣም፤ እዚህም ሥራው ያው ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ካናዳ ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው። ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ የሚያድግ ልጅ ስለ ሆኪ ከትምህርት ቤት ሰምቶ ይመጣል። በየመኸሩ ደግሞ ቲም ሆርተንስ ቡና ለሚገዛ ደንበኛ የሆኪ ካርድ ፓኬት አብሮ ይሸጣል። ልጁ ፓኬቱን ቀዶ ያመጣና «አባዬ፣ ይሄ ጥሩ ነው?» ይላል። ኳስ አይቶ ላደገ ወላጅ መልሱ ቀላል አይደለም፤ ግን ሊማሩት ይቻላል።

ጨዋታውን እስክታውቁት አትጠብቁ። በረዶው ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ሰው አለ፦ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። ጨዋታው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ክፍል አለው። ኤን.ኤች.ኤል. በሚባለው ዋናው ሊግ 32 ቡድኖች ይወዳደራሉ። ለተጫዋች ነጥብ የሚቆጠርለት ጎል ሲያገባም፣ ለጎል የሚሆን ኳስ ሲያቀብልም ነው፤ በእርግጥ ኳሱ ኳስ ሳይሆን ፐክ የሚባል ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ለካርድ ሰብሳቢ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ገበያው የሚሮጠው ነጥብ ከሚሰበስቡ አጥቂዎች ኋላ ነው። ድንቅ በረኛና ድንቅ ተከላካይ ብዙውን ጊዜ በርካሽ ይገኛሉ። ለመውደድ እንጂ ለመሸጥ ካልሆነ የምትሰበስቡት፣ ይህ መልካም ዜና ነው።

ቀጥሎ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ። «ሁሉንም» የሚባል ነገር የለም፤ በዓመት የሚወጣው ካርድ ማንም የማይጨርሰው ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ ተጫዋች ወይም አንድ ዓመት ምረጡ። እኔ የምመክረው ልጁ የተወለደበትን ዘመን ነው፤ ለእኛ ደግሞ ሒሳቡ በጣም ቀላል ነው። የሆኪ ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ዓመት ይጻፋል፤ 2023-24 ሲባል በኦክቶበር 2023 ተጀምሮ በጁን 2024 ያለቀው ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ሁሉ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ ስለሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ይገባል፤ 2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በልጃችሁ የልደት ዓመተ ምሕረት ላይ ሰባት ጨምሩበት፤ የሚመጣው ቁጥር የሆኪው ዘመን የሚጀምርበት ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ የምጽፈው ካርዱ ላይ እንደሚገኙት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ አዲስ ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈልገው «ሩኪ ካርድ» የሚባለውን ነው፤ ተጫዋቹ በኤን.ኤች.ኤል. ጀማሪ በሆነበት ዘመን የወጣለትን ካርድ። ችግሩ ግን አንድ ተጫዋች በዚያ ዓመት አንድ ካርድ ብቻ አይደለም የሚኖረው። አፐር ዴክ የሚባለው ኩባንያ ከ2014-15 ጀምሮ የሊጉን ካርድ ለብቻው የማተም ፈቃድ ስለያዘ በየዓመቱ በብዙ ስም፣ በብዙ ዓይነት ያትማል። ከእነዚህ መካከል ገበያው ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው «ያንግ ጋንስ» የሚባለውን ነው። የሚወጣው አፐር ዴክ በሚለው ዋና እትም ውስጥ ሲሆን እትሙ ሲሪስ ዋን እና ሲሪስ ቱ ተብሎ ይከፈላል። ቁጥሮቹን አጥኗቸው፤ በቅርብ ዓመታት በሲሪስ ዋን ያንግ ጋንስ ከ201 እስከ 250፣ በሲሪስ ቱ ከ451 እስከ 500 ናቸው። የኮነር ማክዴቪድ የ2015-16 ካርድ 201 ነው። የኮነር ቤዳርድ የ2023-24 ካርድ 451 ነው። ቀደም ሲል ግን ቁጥሩ ትንሽ ይለያል። ለምሳሌ 2005-06ን ውሰዱ። የ2004-05 ውድድር በቡድን ባለቤቶችና በተጫዋቾች አለመግባባት ሙሉ በሙሉ ስለተሰረዘ የሁለት ዓመት ጀማሪዎች በአንድ ዘመን ገቡ፤ ሲድኒ ክሮስቢ 201 ሲሆን አሌክሳንደር ኦቬችኪን 443 ነው።

ሻጭ «የማክዴቪድ ሩኪ» ብሎ ሲያቀርብላችሁ ታዲያ ጀርባውን አሳየኝ በሉ። ቁጥሩ 201 ነው? ወይስ ከቁጥሩ በፊት ፊደል አለ? ፊደል ካለው በእትሙ ውስጥ በተጨማሪ የተሰገሰገ ሌላ ካርድ ነው። ካንቫስ የሚባለው ለምሳሌ ሲ በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፤ እሱም የራሱ ፈላጊ አለው፣ ዋጋው ግን የራሱ ነው። በካርዱ ላይ «37/100» ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ደግሞ በቁጥር ተወስኖ የታተመ ነው፤ ኤክስክሉሲቭስ የሚባለው 100 ብቻ፣ ሃይ ግሎስ 10 ብቻ ይታተማል። ፎቶው ከተራው ያንግ ጋንስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል። ተራውን በውድ ትገዛላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ውዱን በተራ ይለውጣል።

ተጫዋቹ የለበሰውንም ሹራብ ተመልከቱ። የወጣቶች ሊግ ሹራብ ወይም የካናዳ ብሔራዊ ቡድን ሹራብ ከለበሰ ካርዱ ቀደም ብሎ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀደም ብሎ መውጣቱ ግን ሩኪ አያደርገውም። ሰብሳቢዎች ሩኪ የሚሉት በሊጉ ቡድን ሹራብ፣ በሊጉ ፈቃድ የወጣውን ነው። የሁለተኛ ዓመት ካርድም አለ፤ ተጫዋቹ ያው ተጫዋች፣ ሹራቡ ያው ሹራብ፤ የሚለየው ከኋላ በደቃቅ የተጻፈው ዓመት ነው። በመጨረሻ «ሬትሮ» የሚባሉት አሉ። ዛሬ ኦ-ፒ-ቺ የሚባለውን የድሮ የካናዳ ካርድ ስም ይዞ የሚያትመው አፐር ዴክ ስለሆነ በድሮ ካርድ መልክ የተሠሩ አዳዲስ ካርዶች በየዓመቱ ይወጣሉ። ያረጀ መልክ ያረጀ ካርድ ማለት አይደለምና የታችኛውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ስልካችሁ ላይ አጉልታችሁ አንብቡ፤ ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ጀርባውን ለማሳየት የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሳችሁ ሂዱ።

ካርዱን በትክክል ካወቃችሁት ዋጋውን ማወቅ ቀላል ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ጫኑና የቅርቦቹን ሽያጮች አወዳድሩ፤ ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞቱ ነው፣ ገዢ የከፈለው ነው ዋጋው። ገንዘቡ የአሜሪካ ይሁን የካናዳ ዶላር አረጋግጡ።

ሳጥን ልግዛ ወይስ ነጠላ ካርድ? መልሴ ነጠላ ነው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከካርድ ሱቅ በሚገዛ አንድ የአፐር ዴክ ሳጥን ውስጥ በአማካይ ስድስት ያንግ ጋንስ አለ። በአንዱ ሲሪስ ያሉት ጀማሪዎች 50 ናቸው። እንግዲህ የምትፈልጉትን አንዱን ተጫዋች ለማግኘት በአማካይ ከስምንት ሳጥን በላይ መክፈት ሊኖርባችሁ ነው። ከ50ዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስማቸውን የሚያስታውስ የሌላቸው ናቸው። ፓኬት መቅደድ ደስ ይላል፤ ለልደት፣ ለገና አንድ ሁለት ፓኬት ግዙ። ስብስባችሁን ግን በነጠላ ገንቡት። እኔ የአንድ ተጫዋች ካርድ ከመግዛቴ በፊት ዘመኑ እስኪጋመስ እጠብቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ የተጋነነ የጀማሪ ዋጋ ወሬው ሲበርድ ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

ጋራዥ ሴል ላይ የምታገኟቸው ሙሉ ሳጥኖች ብዙውን ጊዜ የ1990-91 ዘመን ናቸው። ያኔ አፐር ዴክ የመጀመሪያ የሆኪ እትሙን ሲያወጣ ፕሮ ሴት እና ስኮር የሚባሉ ኩባንያዎችም ገቡ፤ ነባሮቹ ቶፕስና ኦ-ፒ-ቺም ነበሩ፤ ሁሉም ያለ ልክ አተሙ። ሰውም ወደፊት ሀብት ይሆናል ብሎ ሸሸገው። ሁሉም ስለሸሸገው እስከ ዛሬ ሞልቷል። በጥቂት ዶላር ከተገኘ ግን ለልጆች ግዙላቸው፤ ጀርባ ማንበብ የሚለማመዱበት ከዚህ የተሻለ የለም።

ከዚያ በፊት ያለውን የድሮ ካርድ ለጊዜው ተዉት፤ በተለይ የዌይን ግሬትስኪን። የ1979-80 ሩኪ ካርዱ በቶፕስም በኦ-ፒ-ቺም ወጥቷል፤ በሁለቱም ቁጥሩ 18 ነው። የካናዳው ኦ-ፒ-ቺ ጀርባው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ ከቶፕሱም እጅግ ይወደዳል። እንከን የለሽ ተብሎ ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው አንዱ ኦ-ፒ-ቺ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ሐሰተኛ አይጠፋም። በማጉያ መነጽር ስታዩት የእውነተኛው ካርድ ፎቶ በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ሲሆን ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ያለ ነጥብ ድፍን ነው። ተቀድቶ በታተመው ላይ ጽሑፉም ጭምር ነጥብ ነጥብ ይሆናል። የአሁን ዘመን ወረቀት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብዙ ጊዜ ደምቆ ያበራል፤ የድሮው አያበራም። ይህን ሁሉ አውቃችሁም ቢሆን እንዲህ ያለ ካርድ እንደ ፒ.ኤስ.ኤ. ያለ ድርጅት መርምሮ ካላሸገው አትግዙ።

አቀማመጥ ላይ አትሳሳቱ፤ አንድ የተጎዳ ጥግ የካርዱን ዋጋ በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። መጀመሪያ ስስ የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ከዚያ በላይ ቶፕሎደር የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ። ጉዳቱ የሚደርሰው ካርዱ ስሱ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ጥጉ የላስቲኩን ጫፍ ይመታና ነጭ ይሆናል። የኔ መላ ይህ ነው፦ ከላስቲኩ አፍ አንዱን ጥግ በመቀስ በሰያፍ በትንሹ ቁረጡት፤ ካርዱን ጎንና ጎኑን ብቻ ይዛችሁ በዚያ በኩል አዘንብላችሁ አስገቡት፤ ቀጥሎ አቅኑት። ያለ ግፊት ይንሸራተታል። ቶፕሎደሩን ስታሽጉ ተራ ፕላስተር አትጠቀሙ፤ ሲላጥ ሙጫው ይቀራል። የቀለም ቀቢዎች ሰማያዊ ፕላስተር ግዙ፤ ጫፉንም ለመላጥ እንዲመች እጠፉት። በላስቲክ ማሰሪያ ካርድ ፈጽሞ አትሰሩ። ሳጥኑን ቤዝመንት አታስቀምጡት፤ እርጥበት ካርድ ያጎብጣል፣ በተለይ የሚያብለጨልጨውን። የተፈረመበትን ካርድ ደግሞ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች።

ካርድ ለምርመራ ልኮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ማሰጠት ለጀማሪ አያስፈልግም፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከካርዱ ዋጋ ይበልጣል።

ቶሮንቶ አካባቢ ከሆናችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር፣ ትልቅ የካርድ ኤክስፖ ይካሄዳል። የምትፈልጓቸውን ካርዶች ዘመን፣ እትምና ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ፣ ልጁንም አስከትላችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ምርጫው ሰፊ ነው። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሻጮች ዕቃቸውን ጭነው መመለስ ስለማይፈልጉ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ሁለት ሦስት ካርድ አንድ ላይ አንሱና ተከራከሩ።