የተረፈው እንዳይጠፋ
ስለሚጣል ንብረትና ስለ ባልንጀራችን ድርሻ የቀረበ ትምህርት

መግቢያ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ባርኮ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከመገበ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ሕዝቡ ጠግቧል፤ ተአምሩ ተፈጽሟል። ሆኖም እንጀራን እንደ ፈቃዱ ማብዛት የሚችለው ጌታ የተረፈው ቁርስራሽ ሳይቀር እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ እነርሱም ሰብስበው አሥራ ሁለት መሶብ ሞሉ (ዮሐ. 6፥12-13)። ስለዚህ በእግዚአብሔር ቤት መትረፍረፍ ለማባከን ፈቃድ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ትምህርት ለማብራራት የመረጥነው ምሳሌ ከሩቅ አገር ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ቤት በሚለቁበት ሰሞን በየመንገዱ ዳር ጥለውት የሚሄዱት የቤት ዕቃ ነው። ከቁምስናዎቻችን ለትምህርት ወደዚያ የሚሄዱ ወጣቶች ስላሉ ነገሩ ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ በየቤታችን ዓመቱን ሙሉ ቀስ በቀስ የሚደርሰው ብክነት በዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድነት ለዓይን ይታያል። ትምህርቱን ማየት፣ ማመዛዘን፣ መፈጸም በሚሉት ሦስት ደረጃዎች እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክፍል አንድ፦ ማየት

የማሳቹሴትስ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ቦስተን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የሚገኙባት ከተማ ናት። በዚያ አብዛኛው የቤት ኪራይ ውል የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን ነው። የቀድሞው ተከራይ ውል በዋዜማው ስለሚያበቃ እጅግ ብዙ ሰው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቤት ይለቃል፤ የዚያኑ ያህል ሰውም ይገባል። ተማሪዎች በብዛት በሚኖሩበት ኦልስተን በሚባለው ሰፈር በእነዚህ ቀናት የእግረኛው መንገድ በሶፋ፣ በፍራሽ፣ በጠረጴዛ፣ በመጻሕፍት መደርደሪያ፣ በወጥ ቤት ዕቃና በልብስ ይሞላል። በኮሌጅ ማደሪያዎች ደግሞ ይህንኑ የመሰለ ነገር የሚታየው ፈተና አልቆ ተማሪው በሚበተንበት በሜይ ወር ነው።

አላፊ አግዳሚው ከክምሩ የሚፈልገውን መርጦ ስለሚወስድ የሰፈሩ ሰዎች ቀኑን በቀልድ «የኦልስተን ገና» ብለው ይጠሩታል። በእርግጥም አዲስ የሚገባው ተማሪና አቅም የሌለው ቤተሰብ ከዚያ ወንበርና ጠረጴዛ ያገኛል። ይሁን እንጂ ያለ ጠባቂ ደጅ ያደረ ዕቃ ብዙ አይቆይም። ዝናብ የመታው ሶፋ ውስጡ ይሻግታል። ከሩቅ ደኅና የሚመስለው ፍራሽም የትኋን እንቁላል ተሸክሞ ሊሆን ስለሚችል ለወሰደው ቤተሰብ የወራት ችግርና ወጪ ያመጣል፤ በዚህም ምክንያት የከተማው ሠራተኞች የሚያጠራጥሩትን ዕቃዎች በማስጠንቀቂያ ወረቀት ምልክት ሲያደርጉባቸው ይታያሉ። ቀሪውን የቆሻሻ መኪና እያደቀቀ ይወስደዋል።

የነገሩን ስፋት ለመረዳት አንድ አኃዝ እንጥቀስ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው በ2018 ዓ.ም. ብቻ በአገሪቱ የተጣለው የቤት ዕቃ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው የተቀበረው በቆሻሻ መድፊያ ነው። ይህ አኃዝ የተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን የመላ አገሪቱን ነዋሪ የሚያጠቃልል ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት ከኖቬምበር 1 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ፍራሽና ጨርቃ ጨርቅ ከተራ ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል በደንብ ከልክሏል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሆነን ወጣቶቹን ለመኮነን መቸኮል አይገባንም፤ ማየት ማለት ምክንያቱን ጭምር ማየት ነውና። ተማሪው ፈተናውን በጨረሰ ማግሥት ወይም ውሉ ባበቃበት ሰዓት ክፍሉን ባዶ አድርጎ እንዲያስረክብ ይገደዳል። መኪና የለውም። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ሻንጣ በላይ ሊይዝ አይችልም። ዕቃውን ለክረምቱ በኪራይ መጋዘን ለማስቀመጥ የሚከፍለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል። ዕቃውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከችፑድ ተሠርቶ በርካሽ የተሸጠ፣ አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ብሎኑ እንደገና የማይጨብጥ ነው። ከሁሉም በላይ በዚያች ቀን ዕቃውን ከእጁ የሚቀበለው ሰው አያገኝም። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ወጣት ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ውሉን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያስጀምረው አከራይ፣ መውጫውን ሳያስብ ተማሪውን የሚቀበለው ኮሌጅ፣ እንዲሰበር አድርጎ የሚሸጠው ነጋዴም ድርሻ ድርሻ አላቸው።

ክፍል ሁለት፦ ማመዛዘን

ሀ. ንብረታችን ለእኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም

ቤተ ክርስቲያን የግል ንብረት ባለቤትነትን ታከብራለች፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ምድርንና በውስጧ ያለውን ሁሉ ለሰው ልጆች በሙሉ እንደ ሰጠ ታስተምራለች። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ (ቁ. 69) ይህንኑ አጽንቷል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2402-2406) ባለ ንብረት የእግዚአብሔር መጋቢ መሆኑን ይገልጻል። «ገንዘቤ ነው፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ብጥለውስ ማን ምን አገባው?» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት ያስኬድ ይሆናል፤ መጋቢ ግን በጌታው ፊት እንዲህ ብሎ መልስ ሊሰጥ አይችልም። በአራተኛው ምእት ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ጎተራውን ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ በሰበከ ጊዜ (ሉቃ. 12፥16-21)፣ በቁም ሣጥን ተቆልፎ የሚበላሸው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት መሆኑን በድፍረት አስተምሯል። ይህን ካልን፣ ወደ ጎዳና ተጥሎ በዝናብ ስለሚበሰብሰው አልጋ ምን እንላለን?

ለ. መያዝና መጣል አንድ በሽታ ናቸው

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1987 ዓ.ም. ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት (ቁ. 28) የተሻለ ነገር በመጣ ቁጥር የቀድሞውን የሚጥል ሰው የዕቃውን ዘላቂ ጥቅም እንደማያስብ፣ ከእርሱ የባሰ ድሃ ሊጠቀምበት እንደሚችልም እንደማያስታውስ አመልክተዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቼስኮስም በ2015 ዓ.ም. «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው (ቁ. 22) የመጣል ባህል ዕቃን ብቻ ሳይሆን ሰውንም እንደሚነካ አስገንዝበዋል። ይህን ሐሳብ በጥሞና ልናስብበት ይገባል። ዕቃን ያለ ሐሳብ ለማንሣትና ያለ ሐሳብ ለመወርወር የለመደች እጅ፣ ያረጀውን፣ የታመመውንና የማይጠቅም የመሰለውን ሰው ለመግፋትም ቀስ በቀስ ትለምዳለች።

ሐ. ቃርሚያና ጥራጊ

«በመንገድ ላይ ብተወው ድሃ ያነሣዋል፤ ይህም ምጽዋት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የብሉይ ኪዳን የቃርሚያ ሕግ ነው (ዘሌ. 19፥9-10፤ ዘዳ. 24፥19-21)። እግዚአብሔር ባለ እርሻውን ያዘዘው የእርሻውን ዳርቻ ሳያጭድ እንዲተው፣ የተረሳውንም ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ ነበር፤ ይህም ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት የተጠበቀ ነው። ልብ እንበል፦ ቃርሚያ ባለቤቱ ራሱ የሚበላው ደኅና እህል ነው። ከመበላሸቱ በፊት፣ ታስቦበት፣ ቃራሚው ያለ ኀፍረት በሚደርስበት ቦታ የተተወ ነው። ቦዔዝም ለሩት ከነዶው ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲተዉላትና እንዳይገሥጹአት አገልጋዮቹን አዝዟል (ሩት 2፥15-16)። ጥራጊ ግን ለማንም ሳይታሰብ የተገፋ ነገር ነው፤ ድሃ ቢያነሣውም ባይነሣውም ለጣለው ሰው ልዩነት የለውም።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው በመንገድ ዳር የተቆለለው ዕቃ ቃርሚያ ሊሆን ይችል የነበረ፣ ነገር ግን ሐሳብና አንድ ሳምንት ጊዜ በማጣት ጥራጊ የሆነ ንብረት ነው። ገና የተባለውም ስሙ ብቻ ነው፤ በልደት በዓል ስጦታው ሰጪ አለው፣ የሚቀበለውንም በስም ያውቀዋል።

መ. በደጃፍ ያለው አልዓዛር

በወንጌል የተጠቀሰው ባለጠጋ አልዓዛርን እንደ መታው ወይም እንዳሳደደው አልተጻፈም (ሉቃ. 16፥19-31)። በደጁ ተኝቶ ሳለ አላየውም፤ ከማዕዱ የሚወድቀውም ፍርፋሪ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። እኛም የምንጥለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ። በአገራችን መልሱን በኀዘን ተምረነዋል፤ ማርች 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። ሰው የጣለውን «ጠፋ» ይላል፤ ነገር ግን ምንም የሚጠፋ የለም፤ በአንድ ድሃ ደጅ ይከመራል።

ክፍል ሦስት፦ መፈጸም

መድኃኒቱም ከወጣቶቹ መካከል ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሜይ ወር ጓደኞቻቸው የማይፈልጉትን ዕቃ ከማደሪያዎቹ እየሰበሰቡ ክረምቱን በመጋዘን አቆይተው፣ ትምህርት ሲከፈት ለአዲስ ገቢዎች በርካሽ የመሸጥ ሥራ ጀመሩ፤ ከሽያጩ የሚገኘውም ገንዘብ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ያስኬዳል። ይህ ልምድ ወደ ሌሎች ኮሌጆችም ተዛምቷል። የለወጡት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በሚወጣውና በሚገባው መካከል ያለውን የሦስት ወር ክፍተት የሚሸፍን ቤትና የሚቀበል እጅ አዘጋጁ።

የዚህ ዓይነት አገልግሎት በቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በ1833 ዓ.ም. በፓሪስ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ብፁዕ ፍሬደሪክ ኦዛናም በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችሁ ዛሬ ለድሃ ምን ታደርጋለች ተብለው በተጠየቁ ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ በክርክር ብቻ ሳይወሰኑ የድሆችን ቤት በእግራቸው እየዞሩ መጎብኘት ጀመሩ። ማኅበሩ ዛሬም በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያገለገለ የቤት ዕቃ ተቀብሎ ለችግረኞች ያደርሳል። የማኅበሩ ጠባቂ ቅዱስ ቪንሰንት በአገራችን ወንጌልን የሰበኩት የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ማኅበር መሥራች በመሆናቸው፣ ይህ መንፈስ ለእኛም የአባቶቻችን ውርስ ነው።

እንግዲህ የሚከተሉትን በተግባር እናውል፦

1. ከመግዛታችን በፊት «ስሄድ ይህን ለማን እተወዋለሁ?» ብለን እንጠይቅ። መውጫው ያልታሰበለት ዕቃ መግቢያውም ሊመረመር ይገባል።

2. ቤት የሚለቅ ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ዕቃውን ይለይ፤ የሚፈልገውንም ሰው በስም ያግኝ። በመጨረሻው ሌሊት የሚደረግ ልግስና አብዛኛውን ጊዜ መጣል ነው።

3. የምንሰጠው ዕቃ የጸዳና የተሟላ ይሁን። እግሩ የተሰበረውን ወንበር «ለድሃ ይሁን» ብሎ መላክ የራስን ጥራጊ በሌላው ጫንቃ ማሸከም ነው። ለገዛ እኅታችን ለመስጠት የምናፍርበትን ለክርስቶስ ወንድሞች አንስጥ (ማቴ. 25፥40)። ትኋን የነካው ፍራሽ ከቶ ለማንም አይሰጥ።

4. ቁምስናዎች የሚቻላቸው ከሆነ አንዲት ክፍልና አንድ የታወቀ ቀን ይመድቡ፤ የወጣቶች ማኅበር ከሚለቁት ተቀብሎ ለሚገቡት ያስተላልፍ። በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናንም አዲስ ለሚመጣ ስደተኛ ቤተሰብ እንዲሁ ቢያደርጉ ታላቅ ሥራ ነው።

5. በየሰፈራችን እየዞሩ አሮጌ ዕቃ የሚገዙትን ቆራሌዎችና ልዋጮች አናቃል። እኛ ያልፈለግነውን በድካማቸው ወደ ጥቅም ይመልሱታልና ተገቢውን ዋጋና ሰላምታ እንስጣቸው።

6. በሥልጣን ወይም በኃላፊነት ያለን፣ ማለትም ቤት የምናከራይ፣ ትምህርት ቤት የምናስተዳድር፣ የሚለቀው ሰው ያለ ጥፋት የሚወጣበትን ጊዜና ቦታ እናመቻች። ሰውን በማይችለው ሰዓት አስጨንቀን ስናበቃ ስለ ጣለ ብንወቅሰው ፍርዳችን ትክክል አይሆንም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረቡ የውይይት ጥያቄዎች

1. ጌታ ተአምር ማድረግ ሲችል ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ለምን አዘዘ?

2. በቃርሚያና በጥራጊ መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችሁ አካባቢ በምሳሌ አስረዱ።

3. ባለፈው ዓመት ከቤታችሁ ከወጣው ዕቃ የትኛው ለሰው ደረሰ? የትኛውስ ተጣለ? ምክንያቱስ ምን ነበር?

4. በቁምስናችን ውስጥ የሚያስፈልገው ዕቃ አጥቶ የተቸገረ ቤተሰብ እንዳለ በምን እናውቃለን?

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ፤ ደቀ መዛሙርቱ በዚያች ምሽት የሞሉት አሥራ ሁለት መሶብ ለማን እንደ ደረሰ ወንጌሉ አይነግረንም፤ መሰብሰቡን ግን ይነግረናል። የእኛም ግዴታ ከዚህ ይጀምራል። ቤት ስንለቅ፣ ሥራ ስንለውጥ፣ አገር ስንሻገር ከኋላችን የምንተወው ነገር ስለ እኛ ይመሰክራል። በመጨረሻም ሁላችን ይህችን ምድር እንደ ኪራይ ቤት ለቀን የምንሄድ ነን፤ በዚያን ቀን ባለቤቱ ስለ መጋቢነታችን ሲጠይቀን በደስታ መልስ እንድንሰጥ እግዚአብሔር ጸጋውን ያብዛልን፤ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም በአማላጅነቷ ትርዳን። አሜን።