መጀመሪያ ግሱን ፈልግ

ልጄ፣ ፍሬዝና ክሎዝ፣ ሲምፕልና ኮምፕሌክስ እየተደበላለቁ እንዳስቸገሩህ ነግረኸኛል። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። የሰዋስው መጻሕፍቱ ትርጓሜ ያስሸመድዳሉ እንጂ አማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚሰናከል አይናገሩም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች የጻፉትን እንግሊዝኛ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ነው። ስሕተቱ በአብዛኛው ከስንፍና አይመጣም። አማርኛ በአንድ ግስ ውስጥ አጭቆ የሚይዘውን ጉዳይ እንግሊዝኛ ለየብቻው አውጥቶ በተወሰነለት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ የምነግርህ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. ዓረፍተ ነገር ስታነብ መጀመሪያ ግሱን ፈልግ። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ስለሚያስቀር አድማጭ እስከዚያ ድረስ ይታገሣል። እንግሊዝኛ ባለቤቱን እንደጠራ ግሱን ያስከትላል፤ የቀረው ከኋላ ይጎተታል። ነገር ግን ግስ የሚመስል ሁሉ አይቆጠርም። «ማይ ብራዘር ዎንትስ ቱ ስተዲ ሎው» በሚለው ውስጥ «ዎንትስ» እና «ስተዲ» ሁለቱም ግስ ይመስላሉ። የትኛው እንደሚቆጠር ለመለየት ነገሩን ወደ ትናንት ውሰደው፦ «ማይ ብራዘር ዎንትድ ቱ ስተዲ ሎው»። «ዎንትስ» ተለወጠ፤ «ስተዲ» እንዳለ ቀረ። ጊዜው ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠውን ሕያው ግስ እንበለው። በ«ቱ» የሚመራው፣ ረዳት ግስ ሳይኖረው በ«ኢንግ» የሚያልቀው፣ ሕያው አይደለም። አንድ ሕያው ግስ ከነባለቤቱ ሲገኝ አንድ ክሎዝ አገኘህ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ በዚህ ቆጠራ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ይህን ሳትለማመድ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

2. ባለቤቱን አትዋጠው። «መጣሁ» ብለህ ብታቆም ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ መጪው ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ይህን አይችልም፤ «አይ ኬም» ማለት የግድ ነው። «መሽቷል» ለማለት ሲፈልግ የሚመሸው ነገር ስለሌለው «ኢት ኢዝ ሌት» ይላል። «ኢት» እዚህ ላይ ማንንም አይወክልም፤ ግብዣ ላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ እንደሚቀመጥ ሰው ነው። «ችግር አለ» የሚለውን «ኢዝ ኤ ፕሮብሌም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። «ዜር ኢዝ» መባል አለበት። «ራበኝ» ደግሞ ይብሳል፤ በአማርኛ ተራቢው ተጠቂ ሆኖ በግሱ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል፣ በእንግሊዝኛ ግን ራሱ ባለቤት ይሆናል፦ «አይ አም ሀንግሪ»። ባለቤቱ ሳይጠራ የሚታለፍበት ዋነኛው ቦታ ትእዛዝ ነው፤ «ካም ሂር» ስትል የምታናግረው ሰው ፊትህ ቆሟል።

3. ፍሬዝ የሚሉት እኛ ሐረግ የምንለው ነው። ብዙ ቃል ሆኖ የአንድ ቃል ሥራ ይሠራል፤ ባለቤትና ሕያው ግስ በውስጡ አልተጣመሩም። «ዘ ኦልድ ማን ኒር ዘ ቸርች» የሚለውን አንሥተህ በቦታው «ሂ» ብታስቀምጥ ዓረፍተ ነገሩ አይናጋም። በአንድ ቃል ከተተካ ሐረግ ነው። በሐረግ ውስጥ ሐረግ እንደሚገባም አስተውል፤ «ኒር ዘ ቸርች» ለብቻው ሌላ ሐረግ ነው፣ የሚነግረን ሽማግሌው የት እንዳለ ነው። «ዘ ቦክስ ኦፍ ቡክስ» ብለህ ከጀመርክ ግሱ «ኢዝ» እንጂ «አር» የማይሆነውም ለዚህ ነው። ዋናው ቃል «ቦክስ» ነው፤ «ቡክስ» በውስጠኛው ሐረግ ታጥሯል።

ሐረግ የት እንደሚያልቅ ማወቅ የተማሪ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የኦክኸርስት የወተት ድርጅት ሾፌሮች ለትርፍ ሰዓት ሥራችን አልተከፈለንም ብለው ድርጅቱን ከሰሱ። የግዛቱ የያኔው ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች በዝርዝር ያስቀምጥ ነበር፦ ማቀነባበር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይል ነበር። ከ«ኦር» በፊት ነጠላ ሰረዝ አልነበረም። ድርጅቱ «ዲስትሪቢውሽን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሾፌሮቹ አከፋፋዮች ስለሆኑ ትርፍ ሰዓት አይገባቸውም» አለ። ሾፌሮቹ ደግሞ «የለም፣ ሐረጉ አንድ ነው። ሕጉ የሚለው ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግን ነው፤ እኛ ደግሞ አናሽግም» አሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሥራዎች በ«ኢንግ» ሲያልቁ «ሺፕመንት» እና «ዲስትሪቢውሽን» ግን በ«ኢንግ» አለማለቃቸውንም አነሡ፤ ሁለቱም «ፎር» የሚገዛቸው ስሞች ናቸው ማለታቸው ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ አሻሚ ነው አለ፤ እንዲህ ያለ ሕግ ሲያሻማ ለሠራተኛው በሚያደላ መንገድ ስለሚተረጎም ለሾፌሮቹ ፈረደ። በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች በአንድ ሐረግ ወሰን እንዲህ ከተካሰሱ፣ አንተ አንድ ከሰዓት ብትታገልበት አይክፋህ። ነገ የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ውል በእንግሊዝኛ ስትፈርም የምትፈርመው በእንዲህ ያሉ ሐረጎች ላይ ነው።

4. ጥገኛውን ክሎዝ ከነጻው ለይ። አማርኛ የጥገኝነቱን ምልክት ከግሱ ጋር ይሰፋዋል፦ ስለመጣ፣ ከመጣ፣ ሲመጣ፣ ቢመጣ፣ እንደመጣ፣ የመጣ። እንግሊዝኛ ምልክቱን ለብቻው አቁሞ ከክሎዙ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል፦ «ቢኮዝ»፣ «ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «ኦልዞ»፣ «ሁ»። ስለዚህ እንግሊዝኛ ጥገኝነቱን ገና ሲጀምር ይነግርሃል፤ አማርኛ እስከ ግሱ ያስጠብቅሃል። መለያው ቀላል ነው። ክሎዙን ብቻውን ጮክ ብለህ ለወንድምህ አንብብለት። «ቢኮዝ ሂ ዎዝ ሌት» ብለህ ስታቆም «እና ምን ሆነ?» ካለህ ጥገኛ ነው፤ ነጥብ ልታደርግበት አይገባም። በአማርኛ ድርሰት «ስለዘገየ» ብለህ አራት ነጥብ አታደርግም፤ በእንግሊዝኛም አታድርግ። ማስታወቂያ ጸሐፊዎችና ልብ ወለድ ደራሲዎች እያወቁ ያደርጉታል፤ እነርሱን አራሚ አይጠብቃቸውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛችን ይረዳሃል። «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» ስትል ጉዳዩ የነገ ሆኖ ሳለ «ከመጣ» ላይ የወደፊት ጊዜ አልጨመርክም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፦ «ኢፍ ሂ ካምስ ቱሞሮ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። «ኢፍ ሂ ዊል ካም» እያሉ የሚጽፉ ልጆች የገዛ ቋንቋቸውን ቢያዳምጡ ይድኑ ነበር።

5. ሁለት ክሎዝ በአንድ ማያያዣ ይያያዛል። «ቢደክመኝም ግን ሥራዬን ጨረስኩ» በአማርኛ ጆሮ አይቆረቁርም። ይህንኑ «ኦልዞ አይ ዎዝ ታየርድ፣ በት አይ ፊኒሽድ ማይ ወርክ» ብለህ ከጻፍክ ግን ማያያዣው ሁለት ሆነ። «ቢኮዝ» ብለህ ጀምረህ «ሶ» ብለህ መቀጠልም ያው ነው። ቻይናውያን ተማሪዎችም በዚሁ ይታማሉ፤ ቋንቋቸው ሁለቱን ማያያዣ ጥንድ አድርጎ ይጠቀማልና። ክሎዞችህን ቁጠርና አንድ ቀንስ፤ የማያያዣው ቁጥር ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱን አውጣ።

6. በ«ሁ»፣ በ«ዊች» እና በ«ዛት» የሚጀምረው ክሎዝ ለእኛ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ቦታው ነው። እኛ «ትናንት ያየሁት ልጅ» ብለን ገላጩን እናስቀድማለን፤ እነርሱ «ዘ ቦይ አይ ሶው የስተርደይ» ብለው ልጁን አስቀድመው ገላጩን ከኋላ ያመጣሉ። ሁለተኛው «ያየሁት» የምትለው ላይ ያለችው «ት» ናት። ልጁን መልሳ ስለምትጠቁም ተማሪው እርሷንም ተርጉሞ «ዘ ቦይ ሁ አይ ሶው ሂም» ይላል። «ሂም» ትውጣ፤ ልጁ አስቀድሞ ተጠርቷል። ዐረብኛም ይህንን ተውላጠ ስም ስለሚደግም፣ በገልፍ አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን ከዐረብ ባልደረቦቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ስሕተቱን ከሁለቱም ወገን ይሰሙታል።

ነጠላ ሰረዙንም ተጠንቀቅ። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ለንደን» ያለ ሰረዝ ከጻፍክ፣ ከወንድሞችህ መካከል የለንደኑን እየለየህ ነው። ከ«ብራዘር» በኋላ ሰረዝ ካደረግህ ያለህ አንድ ወንድም ነው፤ ለንደን የተነሣችው ለተጨማሪ መረጃ ብቻ ነው። የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ ማብራሪያ ስትጽፍ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

7. አራቱን የዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ፈተና ስላለ ዕወቃቸው፣ ግን ጊዜህን አይብሉህ። አንድ ነጻ ክሎዝ ብቻውን ሲምፕል ነው፤ ሁለት ነጻ ሲያያዙ ኮምፓውንድ፤ ነጻው ከጥገኛ ጋር ሲሆን ኮምፕሌክስ፤ ሁለት ነጻ ከጥገኛ ጋር ሲገኙ ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ። እንደ ርዝመቱ አትፍረድ። «አይ ኖው ሺ ሌፍት» አራት ቃል ነው፤ «ዛት» ተደብቆ ስላለ ግን ኮምፕሌክስ ነው። ሐረግ በሐረግ ላይ የተከመረበት የሃያ ቃል ዓረፍተ ነገር ሕያው ግሱ አንድ ከሆነ ሲምፕል ነው። አንድ ባለቤት ሁለት ግስ ሲጋራ፣ «ሺ ሳት ዳውን አንድ ክራይድ» እንደሚለው፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት በአብዛኛው ሲምፕል ይሉታል።

መግለጫ፣ ጥያቄ፣ ትእዛዝ፣ አድናቆት የሚባለው ክፍፍል ደግሞ ሌላ ነው። ያኛው ስለ አሠራሩ፣ ይህ ስለ አገልግሎቱ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄም ኮምፕሌክስም ሊሆን ይችላል። ጥያቄ በሌላ ዓረፍተ ነገር ሆድ ሲገባ ደግሞ የጥያቄ ቅደም ተከተሉን ይተዋል፦ «ዌር ኢዝ ሂ» የነበረው «ቴል ሚ ዌር ሂ ኢዝ» ይሆናል።

8. ነጠላ ሰረዝ ሁለት ነጻ ክሎዝ ብቻውን አይሸከምም። አማርኛ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ገባ» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይቋጫል። የታሰረው ግስ «ገባ» ብቻ ስለሆነ ሰረዞቹ ችግር የለባቸውም። ተማሪው ይህን ሲያዛውር «ሂ ጎት አፕ፣ ሂ ዎሽድ፣ ሂ ኤት» እያለ ነጻ ክሎዞችን በሰረዝ ይደረድራል። የእንግሊዝኛ አራሚ ይህን አያልፍም። ወይ ነጥብ አድርግ፣ ወይ ለእኛ ድርብ ሰረዝ የሚቀርበውን ሴሚኮለን ተጠቀም፣ ወይ ከሰባቱ ማያያዣዎች አንዱን አስገባ፦ «ፎር»፣ «አንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «የት»፣ «ሶ»። «ሀውኤቨር» ከሰባቱ ውስጥ የለም፤ ሁለት ነጻ ክሎዝ መካከል ሲገባ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ከገቡት እንኳ ይህን የሚጠነቅቁት ጥቂቶች ናቸው።

9. ረጅም ስለጻፍክ ዐዋቂ የምትመስል አይምሰልህ። እኛ ዘንድ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር እንደ ሊቅነት የሚቆጠርበት ልማድ አለ፤ እኔ አልወደውም። ወደ ውጭ ለመማር የሚፈተኑት አይኤልትስ በጽሑፍ ፈተናው ከሚሰጠው ነጥብ ሩቡን ለሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ይሰጣል። አራሚዎቹ አጭርና ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ተቀላቅሎ ማየት ይፈልጋሉ፤ ከስሕተት የጸዱ ዓረፍተ ነገሮች ምን ያህል እንደሚደጋገሙም ያያሉ። ሁለተኛው ክፍል 250 ቃል ይጠይቃል፤ የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ባለቤቱ የጠፋ የአምስት መስመር ዓረፍተ ነገር ለማረም ያ ጊዜ አይበቃም። ሐሳብህ ሁለት ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ምክንያትና ውጤት ሲሆኑ፣ ወይም አንዱ የሌላው ሁኔታ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አያይዛቸው።

10. ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ አንቀጽ ምረጥ፤ ስፖርትም ቢሆን ግድ የለም። ሕያው ግሶቹን አስምርባቸው፣ ባለቤቶቻቸውን ክበብ፣ ማያያዣዎቹን በሳጥን ክተት። ከዚያ የራስህን አንድ ገጽ ጽሑፍ አምጥተህ ይህንኑ አድርግበት። ባለቤት የሌለው ግስ፣ ግስ የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ማያያዣ የተሸከመ ጥንድ ክሎዝ ካገኘህ ዕለቱን አስተካክለው። ይህን ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ አንቀጽ እየወሰድክ ሥራ፤ አልለይ ያለህን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻህ አስፍረህ ለአስተማሪህ አሳየው።