«ቧሂት» ብለሽ ጻፊበት

ኧረ ተይ እታለም! ሴሌክት ኦል ብለሽ ፎንቱን ልትቀይሪው ነው? እጅሽን ከማውሱ አንሺልኝ፤ ትንሽ ጠጋ በይና አብረን እንየው።

ይኼ በላቲን ፊደልና በምልክት የተዝረከረከው ዝርዝር የተበላሸ ፋይል አይደለም፤ የቆየ ነው እንጂ። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ላቲን የተጻፈ ነበር የሚመስለው፤ ፎንቱ ነው የግዕዝ መልክ የሚሰጠው። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ብዙ ቢሮ እንደዚያው ሲጽፍ ኖሯል።

ችግሩ ቦታ ነበር። ያኔ በአንድ ፎንት 256 መቀመጫ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተያዙ ነበሩ፣ 224 ቀረ። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231! ገና ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና አራት ነጥብ ሳይመጡ ሰባቱ ቆመው ቀሩ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፣ ሌሎቹ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈሉት። እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ፤ ጣጣው ግን ለእኔና ለአንቺ ተረፈ።

እስቲ እዚህ ፊደል ላይ ክሊክ አድርጊ። የፎንቱን ስም ከላይ አየሽው? አሁን ወደ ቀጣዩ ፊደል እለፊ። ተቀየረ አይደል? ያው መቀመጫ በአንደኛው ፎንት «በ» ሊሆን ይችላል፣ በሁለተኛው «ቧ»። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ያ ስም ብቻ ነው። ሁሉንም ኒያላ በሚባለው ፎንት ካደረግሽው ስሙ ይጠፋል፤ ሴቭ ካደረግሽ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

እኔ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ የቦታ ስሞችን ዝርዝር እንዲህ አጠፋሁት። ቋራ፣ ጯሂት፣ ቧሂት የነበሩት ሁሉ ላቲን ሆነው ቀሩ። ከታተመው ወረቀት ላይ እያየሁ አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኩት። የአቋቋም አገር በሆነችው ጎንደር ተቀምጬ «ቋ» አጥቼ ስንከራተት ታየሽ?

መጀመሪያ ዋናውን ሳትነኪ ኮፒ አድርጊ። የምትሠሪው የመለወጫ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር የፎንቱን ስም አብሮ ያንብብ፤ ለየፎንቱ የየራሱን የመለወጫ ሠንጠረዥ ሥሪለት። የማያውቀው ሲመጣ በቀይ ያሳይሽ እንጂ ዝም ብሎ አይዝለለው። ሳትለውጪ ወደ ሲኤስቪ ወይም ወደ ኖትፓድ እንዳታወጪው፣ እዚያ የፎንት ስም የሚባል ነገር የለም። የወርድን ኦቶኮሬክትም አጥፊው። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው ብሎ ትንሹን ላቲን ትልቅ ሲያደርገው የእኛ ፊደል ሌላ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከተለወጠ በኋላ በዩኒኮድ ብቻ አስቀምጪ። ዝርዝሩም በላቲኑ ሳይሆን በሀ ሁ ይደረደርልሻል።

ደግሞ ኮድሽ ውስጥ ኒያላ ብለሽ ጽፈሻል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ካልጨመርሽው የለም፣ ኢብሪማ ነው የሚመጣልሽ። የፊደሉ ቁመት ሲለያይ የሠራሽው ሳጥን የፊደሉን አናት ሊቆርጠው ይችላል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶን ከፕሮግራሙ ጋር አብረሽ ስጪ፤ ፈቃዳቸው ይፈቅዳል። የማይክሮሶፍቱን ግን አታባዢ። ታይፕ 1 የሚባል ፎንት ካገኘሽ እርሺው። ሊኑክስ ላይ ጽሑፍ የሚያሰናዳው ፓንጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ተወው፣ አዶቢም በጥር 2023።

በይ፣ መብራት ሳይሄድ ኮፒውን ፍላሽ ላይ አድርጊው። ነገ ደባርቅ ስትሄጂ ፕሮግራሙን ለሚጠቀሙበት ሰዎች በራስሽ ላፕቶፕ አታሳዪያቸው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ጫኚና «ቧሂት» ብለሽ ጻፊበት። ባዶ ሳጥን ካወጣ እዚያው ሆነሽ ደውዪልኝ።